ሰነድ የሌለው ምስል



ባለፈው ሴሚስተር አንድ ጁሙዓ ከሶላት በኋላ እንደ ልማዳችን ለሕሙማን ዚያራ ወጥተን ነበር። ሙዝና ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥለን በየአልጋው "አላህ ያሽርዎ" እያልን ስንዞር አንድ በዕድሜ የገፉ አባት ዘንድ ደረስን። አጠገባቸው የተቀመጠው ልጃቸው ማንነታችንን ጠየቀን። የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች እንደሆንን ስንነግረው ፊቱ በራ። ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ሲዲ አውጥቶ "እንግዲያው ይኼን ትከፍቱልኛላችሁ?" አለን።

ሲዲው ላይ ያለው የአባቱ የጭንቅላት ሲቲ ስካን ነው። ሌላ ከተማ ከፍለው ተነስተው፣ ሲዲውን እንደ ዕቃ ይዘው መጥተዋል። እዚህ ግን የሚከፍተው ጠፋ። አንዱ ኮምፒውተር የሲዲ ማስገቢያ የለውም፤ ሌላው ላይ ሲገባ ከምስሉ ጋር የተቀዳው ማሳያ ፕሮግራም አልነሳ አለ። "እንደገና ይነሱ" ተባሉ። እንደገና መነሳት ማለት እንደገና መክፈል፣ እንደገና ወረፋ መጠበቅ፣ እንደገና ጨረር መቀበል ነው። ለዚያ ቤተሰብ ደግሞ ምናልባት አንድ በሬ መሸጥ ማለት ነው።

በልጁ ፈቃድ ሲዲውን ተቀብለን ወደ ዶርም ተመለስን። አንድ ወንድማችን ጋ የሲዲ ማስገቢያ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ነበር። ዌሲስ የተባለ ነፃ የሕክምና ምስል ማሳያ አውርደን ጫንን። ምስሉ ያለ ምንም ችግር ተከፈተ። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ከዚያ ጥፋታችንን ሠራን። ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንስተን በጀመዓው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍንና "የሕክምና ተማሪዎች፣ እስቲ ምን ይመስላችኋል?" ብለን ጠየቅን።

አንዲት የሕክምና ተማሪ እህታችን ወዲያው ጻፈችልን። "አሁኑኑ አጥፉት። ጥጉን አላያችሁትም?" ስናየው የአባታችን ሙሉ ስም፣ ዕድሜያቸውና የካርድ ቁጥራቸው በነጭ ፊደል ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ያለበት ግሩፕ ነው። ቀጥላ "ደግሞ ያነሳችሁት ለአጥንት በተስተካከለ ዕይታ ነው። አእምሮ ውስጥ ደም ቢኖር እንኳ በዚህ አይለይም። አንዱ አይቶ 'ምንም የለም' ቢላችሁ ለልጁ ልትነግሩት ነበር?" አለችን።

አጠፋነው። በማግሥቱ ላፕቶፑን ራሱን ይዘን ሄድን። ሐኪሙ በእርጋታ አይተው ሲቲው እንደማይደገም ነገሩን። ልጁ መረቀን። እኛ ግን ምርቃቱን የተቀበልነው አንገታችንን ደፍተን ነው። በአንድ ቀን ሁለት ነገር ተምረናል። አንደኛው፣ እኛ የምንማረው ትምህርት አንድን ቤተሰብ ከትልቅ ችግር ሊያወጣ እንደሚችል ነው። ሁለተኛው፣ ያው እውቀት አማናን ካላወቀ የሰው ገመና እንደሚያወጣ ነው። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ሁለቱን አንድ ላይ ለማለት ነው። የሕክምና ምስልን የሚያስቀምጥ፣ የሚያስተላልፍና የሚያሳይ ሶፍትዌር ሥራ ከመካከላችን የተወሰንን ሰዎች ልንሸከመው የሚገባ ነው። የሚሸከመውም ሰው እንደ አማና ሊይዘው ይገባል።

መትኑ እና ሰነዱ

መድረሳ የተቀመጥን ሁሉ እንደምናውቀው ሐዲስ ሁለት ክፍል አለው። መትኑ የተነገረው ቃል ነው፤ ሰነዱ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የሚያሳየው ሰንሰለት ነው። መትኑ ምንም ቢያምር ሰነዱ ከሌለ ሸይኻችን ኪታቡን ዘግተው ያዩን ነበር።

የሕክምና ምስልም እንዲሁ ነው። ቪልሄልም ሮንትገን በ1895 (እ.ኤ.አ.) ራጅን ካገኘ በኋላ ለረጅም ዘመን ምስሉ ፊልም ነበር። ፊልሙን መብራት ላይ ያዩታል፤ ስሙ ጥጉ ላይ ይጻፋል፤ ከጠፋ ጠፋ ነው። ማሽኖቹ ዲጂታል ሲሆኑ ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። እያንዳንዱ ፋብሪካ ምስሉን በራሱ ቋንቋ ያስቀምጥ ስለነበር የአንዱን ማሽን ምስል የሌላው ኮምፒውተር አያነበውም። በ1983 የአሜሪካ ራዲዮሎጂስቶች ኮሌጅና የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቾች ማኅበር አንድ የጋራ ኮሚቴ አቋቋሙ። የመጀመሪያው ስምምነት በ1985 ወጣ። በ1993 ደግሞ ዛሬ ዳይኮም ብለን የምንጠራው መስፈርት ሆነ። ዛሬ ሲቲ፣ ኤምአርአይ፣ አልትራሳውንድና ዲጂታል ራጅ ሁሉም የሚነጋገሩት በዚህ ቋንቋ ነው።

የዳይኮም ፋይል ሲገለጥ መጀመሪያ 128 ባይት ባዶ ቦታ ይመጣል፤ ቀጥሎ መለያ የሆኑ አራት ፊደላት ይመጣሉ። ከዚያ ረጅም ዝርዝር ይከተላል። የታካሚው ስም፣ መለያ ቁጥሩ፣ የልደት ቀኑ፣ የትኛው ማሽን እንዳነሳው፣ መቼ፣ የትኛው የሰውነት ክፍል፣ የንብርብሩ ውፍረት ስንት እንደሆነ በየቁጥሩ ተሰድሯል። ምስሉ ራሱ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አደረጃጀቱም ሥርዓት አለው። ታካሚው ሥር ምርመራዎቹ፣ ምርመራው ሥር ተከታታይ ምስሎች፣ በመጨረሻ አንዱ ምስል ይመጣል። ሰነዱ ቀድሞ መትኑ ይከተላል ማለት ነው።

እኛ በስልክ ፎቶ ስናነሳ ያደረግነው ምንድን ነው? ሊደበቅ የሚገባውን ስም አደባባይ አውጥተን፣ ለሐኪሙ የሚያስፈልገውን ሰነድ ሁሉ ጣልነው። መትኑንም ቢሆን አጎደልነው። ሲቲ ስካን ላይ እያንዳንዱ ነጥብ ቁጥር ነው። ውሃ 0፣ አየር ደግሞ ከዜሮ በታች 1000 ተብሎ የተሠራ መለኪያ አለው፤ በሲቲ ፈልሳፊው መሐንዲስ በሃውንስፊልድ ስም ይጠራል። ጠንካራ አጥንት ከ1000 በላይ ይሄዳል። ተራ ስክሪን ግን የሚያሳየው 256 የግራጫ ደረጃዎችን ብቻ ነው። ስለዚህ ማሳያው ፕሮግራም ከሰፊው የቁጥር ክልል የተወሰነውን መርጦ በ256ቱ ላይ ይዘረጋል። ለአእምሮ የሚመረጠው ስፋት 80 ገደማ ሲሆን ለአጥንት ግን 2000 ገደማ ነው። በአዲስ ደምና በጤነኛ አእምሮ መካከል ያለው ልዩነት ከ20 እስከ 40 ቢሆን፣ በአጥንቱ ዕይታ ላይ የሚቀረው ከ3 እስከ 5 ደረጃ ብቻ ነው። ዓይን አይለየውም። ሐኪሙ በማሳያው ላይ ዕይታውን እየቀያየሩ የሚፈልጉትን ያያሉ። ከስልክ ፎቶ ላይ ግን የጠፋው አይመለስም።

ከማሽኑ እስከ ሐኪሙ

ይህን ሁሉ ምስል ተቀብሎ የሚያስቀምጥ፣ ሲጠየቅም የሚያቀብል ሥርዓት ፓክስ ይባላል። ነገሩ ሲፈታ ቀላል ነው። ማሽኑ ምስሉን በኔትወርክ ወደ ሰርቨር ይልካል፤ ሰርቨሩ ይመዘግባል፤ ሐኪሙ ካሉበት ክፍል ጠርተው ያያሉ። አንድ የሲቲ ንብርብር በአብዛኛው 512 በ512 ነጥብ ነው። ለእያንዳንዱ ነጥብ 2 ባይት ብንይዝ ግማሽ ሜጋባይት ይሆናል፤ 300 ንብርብር ያለው ምርመራ 150 ሜጋባይት ገደማ ነው። ለአንድ ተራ ኮምፒውተርና ለሕንፃው የውስጥ ኔትወርክ ይህ ሸክም አይደለም። ሆስፒታሉ ውስጥ ለመሥራት የውጭ ኢንተርኔት እንኳ አያስፈልገውም።

ፓክስ ሲባል ብዙዎቻችን በሚሊዮን ብር የሚገዛ ዕቃ ይመስለናል። እንደዚያ የሚሸጥ አለ። ግን ኦርታንክ የተባለ ሰርቨር አለ። ሴባስቲያን ጆዶኝ የተባለ መሐንዲስ ቤልጅየም ውስጥ በሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሠርቶ በ2012 ለዓለም በነፃ የለቀቀው ነው። አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ይሠራል። እኛ ዶርም ውስጥ የተጠቀምንበት ዌሲስ የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ሥራ ነው። በብራውዘር የሚከፈተው ኦኤችአይኤፍም እንዲሁ ነፃና ኮዱ ክፍት ነው። ሮንትገንም ግኝቱን የባለቤትነት መብት ሳያወጣበት ለሰው ሁሉ ትቶታል። ጠቃሚ ዕውቀትን ትቶ ማለፍ ምንዳው ሳይቋረጥ የሚቀጥል ሥራ መሆኑን ከኛ በላይ ማን ያውቃል? ሥራውን የሠሩት ግን ሌሎች ናቸው። እኛ በየእስላማዊ ፕሮግራሙ ኢብኑል ሀይሰም ስለ ብርሃንና ስለ ዕይታ የጻፈውን ኪታቡል መናዚርን እያነሳን እንኮራለን። ሺህ ዓመት ሆነው እኮ።

ሌላ ሰው የማይሠራልን

"ታዲያ ሁሉም በነፃ ካለ እኛ ምን እንሠራለን?" የሚል ይኖራል። ሌላ አገር ያለ መሐንዲስ የማያውቃቸውን፣ እኛ ግን አብረናቸው ያደግንባቸውን ችግሮች እንመልከት።

የመጀመሪያው ስም ነው። ሙሐመድ የሚለውን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ስንት ዓይነት እንጽፈዋለን? በዚህ ጀመዓ ውስጥ እንኳ የመታወቂያ አጻጻፋችን አይገጥምም። አንድ ታካሚ ራጅ ክፍል በአንድ አጻጻፍ፣ ሲቲ ክፍል በሌላ ከተመዘገበ፣ ሰርቨሩ ላይ ሁለት ሰው ይሆናል። ሐኪሙ የዛሬውን ምስል ከአምናው ጋር ሊያስተያዩ ሲፈልጉ የአምናው አይገኝም። ሁለት የተለያዩ ሙሐመድ አሕመድ ደግሞ አንድ ሆነው ቢመዘገቡ የባሰ ነው። የሐዲስ ሊቃውንት ዒልሙ ሪጃል በሚባለው ሙሉ ዕውቀት ስማቸው አንድ የሆነ ዘጋቢዎችን ሳይቀር የለዩት ይህ ዓይነቱ ስህተት ምን እንደሚያመጣ ስላወቁ ነው። ዳይኮም ስምን በግዕዝ ፊደል መያዝ ይችላል፤ ዩኒኮድን ይቀበላል። ግን ማሽኑ፣ ሰርቨሩና ማሳያው ሦስቱም ተስማምተው ማሳየታቸውን ተቀምጦ የሚፈትን ሰው ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ቀን ነው። ዳይኮም ቀንን የሚይዘው በስምንት አኃዝ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እናታችን "በ1970 ነው የተወለድኩት" ቢሉና መዝጋቢው እንዳለ ቢያስገባው ዕድሜያቸው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይጨምራል። ጳጉሜ የተወለደ ሰውማ ከነጭራሹ ወር የለውም፤ ማሽኑ 13ኛ ወር አያውቅም። ቀኑን በኛ አቆጣጠር ተቀብሎ ለማሽኑ ቀይሮ የሚሰጥ ትንሽ ፕሮግራም መጻፍ ለሦስተኛ ዓመት ተማሪ የሚከብድ አይደለም።

ሦስተኛው የካርድ ቁጥር ነው። የሁለት ሆስፒታሎች የካርድ ቁጥር አንድ ሊሆን ይችላል። ከሌላ ቦታ በሲዲ የመጣ ምስል እንዲሁ ሲገባ ከማይመለከተው ሰው ፋይል ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አብሮ መመዝገብ አለበት። ለዚህም ዳይኮም ቦታ አዘጋጅቷል፤ የሚሞላው ሰው ብቻ ነው የሚጎድለው።

አራተኛው መብራት ነው። ምስሉ በመተላለፍ ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ ምን ይሆናል? ዲስኩ ቢበላሽ ቅጂው የት ነው? የታካሚ ምስል የያዘ ሰርቨር ቅጂ ሳይኖረው ሥራ ቢጀምር፣ ፊልሙን ለታካሚው መስጠት ይሻል ነበር።

የሚነሱ ተቃውሞዎች

"ማሽኑ ራሱ በሌለበት ስለ ሶፍትዌር ማውራት ቅንጦት ነው" የሚሉ ወንድሞች አሉ። ማሽን እንደሚያንስ እናውቃለን። ግን ማሽን ባነሰ ቁጥር የተነሳው ምስል እንዳይባክን መጠንቀቅ ይበዛል እንጂ አይቀንስም። ራዲዮሎጂስቶቻችን ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም በብዛት በትላልቅ ከተሞች ናቸው። ከታካሚው ይልቅ ምስሉ ቢጓዝ የስንቱ መንገድ ይቀር ነበር?

"ነፃ ሶፍትዌር ለሕክምና አይታመንም" የሚሉም አሉ። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። ዌሲስን ጭነን ሐኪም አንሆንም። ለምርመራ ውሳኔ የሚሆን ስክሪን የራሱ ደረጃ አለው፤ ማንበብም የባለሙያው ነው። የኛ ድርሻ ምስሉ ሳይጎድልና ሳይቀላቀል ባለሙያው ፊት እንዲደርስ ማድረግ ነው።

በጣም የሚከብደን ግን ሦስተኛው ተቃውሞ ነው፤ "ተመርቃችሁ ትሄዳላችሁ፣ ሥራው ይሞታል" የሚለው። ይህ የደረሰብን ነው። ስንት የመመረቂያ ፕሮጀክት ጥራዙ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሷል? ሆስፒታል ውስጥ ተጀምሮ የተተወ ሥርዓት ካልተጀመረ ይብሳል፤ ምስሉ እዚያ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራልና። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን የሆስፒታሉ የባዮሜዲካልና የአይቲ ሠራተኞች አብረውን ካልሠሩ፣ መመሪያው በአማርኛ ተጽፎ ካልተረከቡ፣ ባንጀምረው ይሻላል።

አማና

በ2019 ፕሮፐብሊካ የተባለ የአሜሪካ የምርመራ ጋዜጠኞች ተቋም አንድ ነገር ይፋ አደረገ። አሜሪካ ውስጥ ብቻ 187 ሰርቨሮች ላይ የተቀመጡ ከ5 ሚሊዮን በላይ ታካሚዎች መረጃና ምስሎች ያለ ይለፍ ቃል ኢንተርኔት ላይ ተከፍተው ተገኙ። ሰብሮ መግባት እንኳ አላስፈለገም። በር አልተዘጋም ነበር። ሀብታም አገር ላይ ይህ ከሆነ እኛ ጋ ሊሆን የሚችለውን ገምቱ። የዳይኮም ግንኙነት በተለመደው አሠራሩ ይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ የማሽኑን መጠሪያ ስም ማወቅ ይበቃል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰርቨር በቀጥታ ኢንተርኔት ላይ አይወጣም። ከፕሮግራሙ ጋር የመጣ ይለፍ ቃልም በመጀመሪያው ቀን ይቀየራል።

ስም ማጥፋትም እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ከዝርዝሩ ውስጥ ስሙን ብናወጣ እንኳ፣ በተለይ አልትራሳውንድ ላይ ስሙ ምስሉ ውስጥ ራሱ ታትሞ ይገኛል። እሱን ያላየ ሰው "ስሙን አጥፍቻለሁ" ብሎ ይለጥፈዋል።

አገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች፤ የጤና መረጃ የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹት ነው። እኛ ግን ከአዋጁም በፊት የተማርነው አለ። በሱረቱ ኒሳእ አማናዎችን ለባለቤቶቻቸው እንድንመልስ ታዘናል። የወንድሙን ገመና የሸፈነን አላህ ገመናውን እንደሚሸፍንለት ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። የእህታችን የሰውነት ክፍል ምስል ዓውራዋ አይደለምን? መንገድ ላይ ዓይናችንን ዝቅ እያደረግን ሰርቨር ላይ በሩን ክፍት ልንተው ነው?

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ኢማም ገዛሊ በኢሕያእ ውስጥ ሕክምናንና ሒሳብን ከፈርዱ ኪፋያ ቆጥረዋል። በዘመናቸው ሰው ሁሉ ወደ ፊቅህ ክርክር ሲጋፋ ሕክምናው ባዶ መቅረቱንም ወቅሰዋል። እኛ ፈትዋ አንሰጥም፤ ለዚህ ዑለሞቻችን አሉ። ግን ራሳችንን እንጠይቅ። የመመረቂያ ፕሮጀክት በመጣ ቁጥር ስንቶቻችን የሶላት ሰዓት አፕ ሠራን? ስልካችን ላይ አምስት አለ፤ ስድስተኛው አዛን የሚለው ለማን ነው?

ስለዚህ ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ከዛሬ ጀምሮ በየትኛውም የጀመዓው ግሩፕ ላይ የታካሚ ምስል አይለጠፍ። ዱዓ ለማስደረግም ቢሆን። ለዱዓ ምስል አያስፈልግም፤ አላህ ያውቃቸዋል።

ሁለተኛ፣ ቅዳሜ ከዐስር በኋላ አንድ የመማማሪያ ክበብ እንጀምር። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ኦርታንክን እንጭን። የምንለማመደው ለምርምር ሲባል ስማቸው ወጥቶ በይፋ በተለቀቁ ምስሎች ብቻ ይሁን፤ ዘ ካንሰር ኢሜጂንግ አርካይቭ ላይ በብዛት አሉ። የሕክምና ክፍል እህቶችና ወንድሞች ሐኪም ምን ማየት እንደሚፈልግ ያስተምሩን። በሩ ለሁሉም ተማሪ ክፍት ይሁን፤ አልጋው ላይ የሚተኛው ታካሚ የሁሉም ነውና።

ሦስተኛ፣ የዘንድሮ ተመራቂዎች ከላይ ካነሳናቸው አራት ችግሮች አንዱን ለፕሮጀክት ይያዙ። ሆስፒታል የምንገባው በአማካሪ መምህራችን በኩል፣ በጽሑፍ ፈቃድ፣ ከሠራተኞቹ ጋር ይሁን። የዓመቱ ሥራ አንድ ዴስክ ላይ የሲዲ ምስል ያለ ስህተት ማስገባት ብቻ ቢሆንም ይበቃናል።

የሲዲው ባለቤት አባታችን ወደ ቀያቸው ተመልሰዋል። ልጃቸው ሲሸኘን የመረቀን ምርቃት አሁንም ጆሯችን ውስጥ አለ። በዚያች ሌሊት ስማቸው ግሩፕ ላይ ለደቂቃዎች መታየቱን ግን አልነገርነውም ነበር። ይህን ጽሑፍ ከመላካችን በፊት ደውለን ነገርነው፤ ይቅርታም ጠየቅን። "አላህ ይቅር ይበላችሁ፤ ደግሞ አትድገሙት" አለን። እኛም ለናንተ የምናስተላልፈው ይህንኑ ነው።

አላህ የምንማረውን ጠቃሚ ዒልም ያድርግልን፤ ሕሙማኖቻችንንም ያሽርልን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።